ድፍን ብር ሲመጣ

ሐሰተኛ ብር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሱቄ የገባው በአንድ የፋሲካ ዋዜማ፣ መብራት በጠፋበት ምሽት ነው። በሩ ላይ አምስት ስድስት ሰው ቆሟል። አንዱ ዘይት ይላል፣ አንዷ ሁለት ኪሎ ስኳር፣ አንድ ሕፃን ደግሞ የእናቱን የዱቤ ደብተር ይዞ ሻማ ይጠይቃል። እኔ በአንድ እጄ የስልኬን ባትሪ አብርቼ በሌላው እሰፍራለሁ። በዚህ መሃል አንድ ንጹሕ የለበሰ ሰው ከሰዎቹ ትከሻ በላይ እጁን ዘርግቶ፣ «ወንድሜ፣ ባጃጅ አቁሜ ነው፤ አንድ ውኃና አንድ ማስቲካ ቶሎ በለኝ» አለኝ። የዘረጋልኝ ባለ 200 ነበር። ተቀበልኩት፣ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት፣ መልሱን ቆጥሬ ሰጠሁት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ መልካም በዓል» ብሎኝ ሄደ። እኔም «እንዲህ ነው ሰው» አልኩ በልቤ።

በዓሉ አልፎ ገንዘብ ላስገባ ባንክ ስሄድ፣ ገንዘብ ተቀባይዋ እየቆጠረች ከመሃል አንዱ ላይ ቆም አለች። በሁለት ጣቷ አሸት አደረገችው፣ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ አየችው፣ ከዚያ ለብቻው ወደ ጎን አስቀመጠችው። «ይሄ አይሆንም» አለች ቀና ሳትል። ማሽን አልነካችም። ሦስት ሰከንድ አልፈጀባትም። እኔ በዚያ ብር ላይ ሦስት ሌሊት አድሬበታለሁ፤ ሱቅ ስዘጋ ሁለት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ፤ አንድም ጊዜ ግን አላየሁትም። ብር መቁጠርና ብር ማየት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን የተማርኩት ያን ቀን ነው።

ሱቅ ለጀመሩም፣ ዓመታት ለቆዩበትም ልጽፍ የተነሣሁት ይህችን የሦስት ሰከንድ ሥራ ነው። ሐሰተኛ ብር የሚያስገባብን የዕውቀት ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። አብዛኛውን ጊዜ በሩን የሚከፍቱለት ችኮላና ይሉኝታ ናቸው። ሰው ቆሞ እየጠበቀ ብር ወደ ብርሃን ማንሣት ያሳፍረናል። የሚያውቀን ሰው ይቀየመናል ብለን እንሰጋለን። አጭበርባሪው ይህንን ከእኛ የበለጠ ያውቃል፤ የሚሠራውም በብሩ ጥራት ሳይሆን በእኛ ጠባይ ላይ ነው።

መጀመሪያ ኪሳራውን በትክክል እናስላው፤ ብዙ ባለሱቅ አሳንሶ ነው የሚያስበው። እንበልና የሸጥኩት የ40 ብር ዕቃ ነው፤ የገዛሁት በ35። ባለ 200 ተቀብዬ 160 ብር መልስ ሰጠሁ። ከእጄ የወጣው 160 ጥሬ ገንዘብና የ35 ብር ዕቃ፣ በድምሩ 195 ብር ነው። ከአንድ ዕቃ 5 ብር የማተርፍ ከሆነ፣ ይህንን ለመተካት 39 ዕቃ ያለ ትርፍ መሸጥ አለብኝ ማለት ነው። ለአንዲት ትንሽ ሱቅ ይህ የግማሽ ቀን ድካም ነው። ከስሌቱ ሌላም ነገር ይታያል፦ ሰውዬው የፈለገው ውኃውን አልነበረም። የፈለገው መልሱን ነው። 160 እውነተኛ ብር ከእኔ ገዝቶ ሄደ። ሐሰተኛ ብር ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ትንሽ ዕቃ የሚገዛው ለዚህ ነው።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አደጋው በአንድ ጊዜ እጥፍ ሆኗል። ከዚያ በፊት ትልቁ ኖታችን መቶ ብር ነበር። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲሶቹ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ይፋ ሲሆኑ፣ ባለ 200 አብሮ መጣ። የድሮዎቹን ለመቀየር ሦስት ወር ተሰጠ። በዚያን ጊዜ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ አስመስሎ መሥራትን ለማክበድ ነው፤ 2.9 ቢሊዮን ኖት ለማሳተም 3.7 ቢሊዮን ብር ወጥቷል። እስቲ አካፍሉት፤ ለእያንዳንዱ ኖት ከአንድ ብር በላይ ተከፍሎበታል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ወጪ የወጣው እኛ በእጃችን ስንይዘው እንድናውቀው ነበር። ሳናየው መሳቢያ ውስጥ ስንወረውረው፣ ለጥበቃችን የተከፈለውን ገንዘብ ሳንጠቀምበት እንቀራለን።

አዲስ ኖት በሚወጣበት ሰሞን ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እናቴ በ1990 ዓ.ም. ብር ሲቀየር ሱቅ ነበራት። ዓይን ያልለመደውን ብር አስመስሎ መስጠት ቀላል ስለሆነ፣ በዚያ ሰሞን አዲሱን ኖት ከባንክ ራሷ አምጥታ ሳታጠናው ከማንም አልተቀበለችም። ያኔ ግትርነት መስሎኝ ነበር። አሁን ትክክል እንደነበረች አውቃለሁ።

እጅ ያውቃል

ሐሰተኛ ብር ለመለየት ሐሰተኛ ብር መፈለግ አያስፈልግም። የሚጠናው እውነተኛው ነው። ከባንክ የወጣ አንድ ባለ 200 እና አንድ ባለ 100 ያዙ። ማታ ሱቅ ዘግታችሁ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ዳብሷቸው።

የብር ወረቀት ከጥጥ የሚሠራ ነው፤ ከደብተር ወረቀት ጋር አንድ አይደለም። በጣት ሲይዙት ጠንከር ይላል፣ ሲያራግቡት ደረቅ ያለ ድምፅ ያወጣል። ብዙ እጅ የዞረ አሮጌ ብር እንኳ ይለሰልሳል እንጂ እንደ ደብተር ወረቀት አይልምም፣ አይበጣጠስም። ቀጥሎ አውራ ጣታችሁን በጽሑፉና በትልቁ ቁጥር ላይ በቀስታ ሳቡት። የእውነተኛው ብር ኅትመት ከወረቀቱ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው፤ ጥፍራችሁ ላይ ሻከር ይላል። በቀለም ማተሚያ የተባዛው ግን ለጥ ያለ ነው፤ ጣታችሁ ያዳልጣል። ይህ ልዩነት በቃል ሲነገር ትንሽ ይመስላል። አንድ ሳምንት በየማታው ስትለማመዱት ግን እጃችሁ ከዓይናችሁ ቀድሞ ይነግራችኋል። ያቺ የባንክ ልጅ ያደረገችው ይህንኑ ነው።

ከዳሰሳ ቀጥሎ ብርሃን። ብሩን ወደ መብራት ወይም ወደ ሰማይ አንሡት። ወረቀቱ ውስጥ ያለው የውኃ ምልክት ጥላ ሆኖ ብቅ ይላል፤ ቀስ በቀስ የሚደምቅና የሚፈዝዝ ለስላሳ ምስል ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ እውነተኛው ምልክት ብሩ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሳለ እምብዛም አይታይም። አስመሳዮች ግን ምስሉን በግራጫ ቀለም ያትሙታል። ስለዚህ ወደ ብርሃን ሳታነሡት የውኃ ምልክቱ ቁልጭ ብሎ ከታየ፣ ያ ራሱ የሚያስጠረጥር ነው። ብዙ ሰው «ምልክቱ አለው» ብሎ የሚታለለው እዚህ ጋ ነው።

ክሩም እንደዚሁ። የደኅንነት ክሩ ወረቀቱ ውስጥ የተቀበረ ስለሆነ ወደ ብርሃን ሲያነሡት ከላይ እስከ ታች ያልተቋረጠ መስመር ሆኖ ይታያል። በሐሰተኛው ላይ ወይ በቀለም የተሠመረ ነው፣ ወይ የሚያብለጨልጭ ስስ ነገር ከላይ ተለጥፎበታል፤ በጥፍር ጫር ቢያደርጉት ይነሣል። በትልልቆቹ አዳዲስ ኖቶች ላይ የሚያንጸባርቀውን ክፍል ደግሞ ብሩን ወዲያና ወዲህ አዘንብላችሁ ተመልከቱ። እውነተኛው በእንቅስቃሴው መጠን ብርሃኑን ይለዋውጣል፤ የተባዛው እንደደረቀ ይቀራል።

ከአንድ ሰው ሁለት ሦስት ድፍን ብር ስትቀበሉ ተከታታይ ቁጥራቸውን አስተያዩ። እያንዳንዱ እውነተኛ ኖት የራሱ ቁጥር አለው። ከአንድ ኖት ላይ የተባዙ ሐሰተኞች ግን አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘው ይገኛሉ። ሁለት ብር አንድ ቁጥር ካላቸው ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ገበያ ላይ ስለሚሸጡት ሐምራዊ መብራት ያላቸው መመርመሪያዎች ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ይጠቅማሉ። ተራ ወረቀት በዚያ መብራት ሥር ወደ ሰማያዊ ያደላ ነጭ ብርሃን ያወጣል፤ የብር ወረቀት ግን ደብዘዝ ብሎ ይቆያል። ነገር ግን በመብራቱ ብቻ አትፍረዱ። በልብስ ኪስ ውስጥ ተረስቶ በዱቄት ሳሙና የታጠበ እውነተኛ ብር ከሳሙናው የተነሣ ሊያበራ ይችላል። እኔ ራሴ በዚህ ምክንያት የአንዲት ጎረቤቴን እውነተኛ ብር መልሼባታለሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። መብራቱ ጥርጣሬ ይሰጣል፤ ፍርዱን የሚሰጡት እጅ፣ የውኃ ምልክትና ክር አንድ ላይ ሆነው ነው።

ደግሞ አሮጌ ስለሆነ ብቻ አትመኑ። አስመሳዮች ወረቀቱን ሆን ብለው ያጨማድዱታል፣ ያቆሽሹታል፤ ብዙ እጅ የዞረ እንዲመስልና ዳሰሳው እንዲጠፋ። በተቃራኒው ደግሞ ያረጀና የተቀደደ ስለሆነ ብቻ ብር አይመለስም። ያረጀ እውነተኛ ብር ባንክ ይቀበላል። ጉልበቱን ሸጦ፣ በላብ የራሰ ብር ይዞ የሚመጣ የቀን ሠራተኛ ዳቦ ሳይገዛ እንዲመለስ ማድረግ ጥንቃቄ አይባልም።

ሰዓቱና ጠረጴዛው

የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል። ሐሰተኛ ብር የሚመጣበት ሰዓት አለው፦ ሲመሽ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ዝናብ ሲያባርር፣ ሰው ሲበዛ፣ የበዓል ዋዜማ ሲሆን፣ ልጅ ብቻውን ሱቅ ሲጠብቅ። በከብትና በዶሮ ገበያ በበዓል ሰሞን የሚሰማው ማጭበርበር ከዚሁ የተነሣ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ወጪያችሁ መመርመሪያ ማሽን ሳይሆን ብርሃን ይሁን። ቻርጅ የሚደረግ ጥሩ መብራት ግዙና ብር ከምትቀበሉበት ቦታ በላይ አንጠልጥሉት። እኔ ከዚያ የፋሲካ ዋዜማ በኋላ ያደረግሁት መጀመሪያ ይህንን ነው። መብራት ሲጠፋ ሁለት እጄ ነፃ ናቸው፤ ብሩንም አየዋለሁ።

ሁለተኛው ነገር ምንም ወጪ የለውም፤ ከሁሉም ግን እሱን እወዳለሁ። የተቀበላችሁትን ድፍን ብር ወዲያው መሳቢያ ውስጥ አትክተቱት። ጠረጴዛው ላይ፣ ገዢውም እናንተም በምታዩት ቦታ፣ ክብደት ያለው ነገር ጫን አድርጉበት። እኔ የሚዛኑን የግማሽ ኪሎ ድንጋይ አስቀምጥበታለሁ። ዕቃውን ስጡ፣ መልሱን ቆጥራችሁ አስረክቡ፣ ገዢው «ሙሉ ነው» ሲል ያኔ ብሩን አስገቡት። ይህ አንድ ልማድ ሦስት ማጭበርበሮችን ይዘጋል። አንደኛ፣ ብሩን በተረጋጋ ዓይን ለማየት ጊዜ ታገኛላችሁ። ሁለተኛ፣ «እኔ የሰጠሁህ ባለ 200 ነው» «የለም ባለ 100 ነው» የሚለው ጭቅጭቅ አይነሣም፤ ብሩ እዚያው ቁጭ ብሏል። ሦስተኛው ረቀቅ ያለ ነው። ሰውዬው መጀመሪያ እውነተኛ ብር ይሰጣችኋል፤ አይታችሁ ታምናላችሁ። ዕቃውን ልታወርዱ ዞር ስትሉ «ቆይ፣ ዝርዝር ያለኝ መሰለኝ» ብሎ ብሩን ይወስዳል። ኪሱን ዳብሶ ዳብሶ «የለኝም ለካ» ብሎ ይመልስላችኋል፤ የመለሰው ግን ሌላውን ነው። አንዴ ስላያችሁት ሁለተኛ አታዩትም። ስለዚህ ከጠረጴዛው የተነሣ ብር ሲመለስ እንደ አዲስ ብር ነው፤ እንደገና ይታያል።

ይሉኝታን የሚያሸንፈው አንድ መንገድ ብቻ ነው፦ የሁሉንም ብር ማየት። የሚታወቀውንም የማይታወቀውንም፣ ንጹሕ የለበሰውንም ቱታ የለበሰውንም፣ ጎረቤትንም መንገደኛንም። መርጣችሁ ካያችሁ ሰው ይሰደባል፤ የሁሉንም ካያችሁ ግን የሱቁ ሥርዓት ይሆናል። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት የሰፈሬ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ «አላመንከኝም እንዴ?» ብሎኛል። «እርስዎን አምናለሁ እማማ፤ ለእርስዎ የሰጠዎትን ሰው ግን አላውቀውም» እላለሁ። በሁለተኛው ሳምንት እማማ ራሳቸው ብሩን ወደ መብራቱ አንሥተው አሳይተው ይሰጡኝ ጀመር።

ስትጠራጠሩ

የተጠራጠራችሁትን ብር በእጃችሁ አቆይታችሁ «ይሄ ፎርጅድ ነው!» ብላችሁ መጮህ ከባድ ስሕተት ነው። ብሩን ይዞ የመጣው ሰው ራሱ የተታለለ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም እንደዚያ ነው። ሰው መሃል ሌባ መባል ደግሞ ጠብ ያስነሣል። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ይቅርታ እህቴ፣ ይሄ ብር አልተመቸኝም፤ ሌላ ካለሽ ስጪኝ» በሉ። ምክንያት ካስፈለገ «እኔም ባንክ ሳስገባው አይቀበሉኝም» ማለት ይበቃል። ቅን ሰው ደንግጦ ብሩን ያያል፣ ከየት እንዳገኘው ያስባል፣ ሌላ ያወጣል። «ተወው» ብሎ ነጥቆ የሚሮጥ ከሆነ፣ አትከተሉት። መልኩን፣ ልብሱን፣ የመጣበትን ባጃጅ ወይም ሞተር ታርጋ ያዙ፤ ወዲያው ለፖሊስና ለጎረቤት ሱቆች አሳውቁ። አንድ ሱቅ ያልተሳካለት ሰው የሚቀጥለውን በር ነው የሚያንኳኳው። በእኛ መንገድ ያለን ባለሱቆች በቴሌግራም አንድ ትንሽ ቡድን ከፍተናል፤ «ባለ 200 ይዞ የሚዞር ሰው አለ፣ ቀይ ኮፍያ» የሚል አንድ መስመር ስንት ሱቅ አትርፏል።

ከገባ በኋላ ስታውቁትስ? እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ።

ልጅ ሳለሁ እናቴ አንድ ሐሰተኛ መቶ ብር ገብቶባት ነበር። መቶ ብር በዚያን ጊዜ የሳምንት አስቤዛችን ነው። ጎረቤቶች መጥተው መከሯት፦ «ቅዳሜ ገበያ ላይ አሳልፊው፣ ማንም አያውቅ»። ሌሊቱን ብሩን ከመሶቡ ሥር አስቀምጣው አደረች። ጠዋት ሻይ እያፈላች፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ፣ «ለማን ነው የምሰጠው? ለእንጀራ ሻጯ? ለከሰል ተሸካሚው?» አለች። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ግማሽ ቀን አስቀመጧት፣ ቃሏን ተቀበሉ፣ ብሩን ያዙ። ያን ሳምንት ሽሮ ብቻ በላን።

ሕጉም ከእናቴ ጋር ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ሐሰተኛ ገንዘብ የሠራውን ብቻ አይደለም የሚቀጣው፤ ሐሰተኛ መሆኑን እያወቀ የሚያስተላልፈውንም ነው። መጀመሪያ እውነተኛ መስሏችሁ መቀበላችሁ ወንጀል አይደለም። ካወቃችሁ በኋላ ለሌላ ሰው መስጠታችሁ ግን ወንጀል ነው። ሳታውቁ ተጎጂ የሆናችሁ ሰዎች በ200 ብር ምክንያት ተከሳሽ እንዳትሆኑ። ከክሱም በላይ፣ ሐሰተኛ ብር ከእናንተ ሲወጣ የሚያርፈው ከእናንተ ያነሰ አቅም ባለው ሰው ላይ ነው፤ ዓይናቸው በደከመ አዛውንት ላይ፣ ጉሊት ላይ በተቀመጠች እናት ላይ። እኔ ይህንን ማድረግ የሚችል ነጋዴ ሲያጋጥመኝ ዕቃ ከእሱ አልገዛም።

የሚደረገው ይህ ነው፦ ብሩን አትቅደዱ፣ አታቃጥሉ፣ ደጋግማችሁ አትነካኩት። ለብቻው ፖስታ ውስጥ ክተቱት። የገባበትን ቀንና ሰዓት፣ የሰጣችሁን ሰው የምታስታውሱትን ያህል፣ የሸጣችሁለትን ዕቃ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ውሰዱት። ባንክ ውስጥ ከተገኘ ባንኩ ይይዘዋል፤ ምትክ አይሰጣችሁም። ይህንን እያወቃችሁ ከገንዘብ ተቀባይዋ ጋር አትጣሉ፤ እሷም ሥራዋ ነው። ከባንክ ገንዘብ ስታወጡ ግን ተራችሁን አትልቀቁ። ከመስኮቱ ሳትነሡ ቁጠሩት፣ እዩት። በኋላ ተመልሶ «ከእናንተ ነው የወሰድኩት» ማለት የሚያስረዳው ነገር የለም።

ተቀጣሪ ያላችሁ ባለሱቆች አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ምናልባት የማትስማሙበት ይሆናል። ልጁ ሐሰተኛ ብር ሲገባበት ከደመወዙ የሚቆርጡ ብዙ ናቸው። ይህን አታድርጉ። ወር ሙሉ ቆሞ የሚያገኘው ላይ 200 ብር ሲቆረጥበት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሐሰተኛ ብር ሲያገኝ አይነግራችሁም፤ ደንግጦ ለሚቀጥለው ገዢ መልስ አድርጎ ይሰጠዋል። ያኔ ሱቃችሁ ራሱ ሐሰተኛ ብር አከፋፋይ ሆነ ማለት ነው፤ አንድ ደንበኛ ቢደርስበት ስማችሁ በሰፈሩ ያልቃል። ይልቅ አስተምሩት፤ ዓይኑን አስጨፍናችሁ ብር አስዳስሱት፤ ጠረጴዛው ላይ ሳያቆይ ወደ መሳቢያ ከከተተ ያኔ ገሥጹት። ሥርዓቱን ጠብቆ ከተታለለ ኪሳራው የሱቁ ነው።

ለጅምላ ነጋዴዎችና በብዛት ለምትሸጡ ደግሞ፦ በላስቲክ የታሰረ ጥቅል ስትቀበሉ ዳርና ዳሩን አይታችሁ አትመኑ። ሐሰተኛው የሚቀመጠው መሃል ነው። «ቆጥሬዋለሁ፣ ሙሉ ነው» የሚል ሰው ፊት፣ ላስቲኩን ፈትታችሁ አንድ በአንድ ቁጠሩ፤ እየቆጠራችሁም ጣታችሁን በኅትመቱ ላይ አሳልፉ። የመርካቶ ሰው ሲቆጥር ጣቱ የማያቆመው ለዚህ ነው።

ወረቀት የሌለው ሐሰተኛ ብር

አሁን አሁን የማስጠነቅቀው ከወረቀቱ ይልቅ ስለ ስልኩ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ወር ከተጀመረ ወዲህ፣ ከባንኮቹ መተግበሪያዎችም ጋር ተደምሮ፣ ሱቃችን ውስጥ የሚገባው ገንዘብ ግማሹ በስልክ ነው። ሐሰተኛውም አብሮ ወደ ስልክ ገብቷል። ገዢው ስልኩን ያዞርላችኋል፤ «ተልኳል» የሚል ደረሰኝ፣ ስማችሁ፣ መጠኑ፣ አረንጓዴ ምልክቱ ሳይቀር ይታያል። ያ ደረሰኝ ግን ሥዕል ነው። ስክሪንሹት ይሠራል፣ ይስተካከላል፣ የትላንቱ በዛሬ ቀን ይቀየራል። ኤፍቲ የሚባለው የዝውውር መለያ ቁጥር መኖሩም ምንም አያረጋግጥም፤ ቁጥር ማንም ይጽፋል።

ሕጉ አንድ ነው፦ በገዢው ስልክ ላይ ያለው ነገር ክፍያ አይደለም። ክፍያ ማለት በእናንተ ስልክ፣ በእናንተ ሒሳብ ላይ የታየው ነው። መልእክት ሲመጣም ላኪውን እዩ። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ ተመሳሳይ ጽሑፍ ይዞ ከተራ የስልክ ቁጥር ከመጣ ሐሰተኛ ነው። የመጨረሻው ማረጋገጫ ግን መልእክቱ እንኳ አይደለም፤ መተግበሪያውን ከፍቶ ወይም በአጭር ቁጥሩ ገብቶ ቀሪ ሒሳብን ማየት ነው። ጠዋት ስንት እንደነበረ ደብተር ላይ ጽፋችሁ ከጀመራችሁ፣ ልዩነቱ ወዲያው ይታያችኋል።

«በስሕተት ልኬልሃለሁ፣ እባክህ መልስልኝ» የሚል ስልክ ሲመጣም እንደዚሁ። ብዙ ጊዜ ከጥሪው በፊት «ገንዘብ ገብቷል» የሚል ሐሰተኛ መልእክት ይደርሳችኋል፤ ሳታዩ ስትመልሱ የምትልኩት የራሳችሁን ነው። ሒሳባችሁን እዩ። ገንዘቡ በእውነት ገብቶ ከሆነም በራሳችሁ አትመልሱ፤ «በባንኩ ወይም በቴሌ በኩል ጠይቅ» በሉት። የምሥጢር ቁጥራችሁን ደግሞ ለማንም፣ «ከመሥሪያ ቤት ነው የምደውለው» ለሚላችሁም ቢሆን፣ አትናገሩ።

አስቸጋሪው ኔትወርክ ሲጠፋ ነው። ገዢው በእውነት ልኮ መልእክቱ የሚዘገይበት ጊዜ አለ። ባለፈው ወር አንድ ወጣት አምስት ሊትር ዘይትና አንድ ካርቶን ፓስታ ገዝቶ ከፈለ፤ ስልኬ ግን ዝም አለ። ደረሰኙን አሳየኝ። «ወንድሜ፣ አምኜሃለሁ፤ ግን እስኪገባ አብረን እንጠብቅ» አልኩትና ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አቆየሁት። በርጩማ ሰጠሁት፣ ሻይ አስመጣሁ። ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ እናቱ ጉልበት ሕመም ነገረኝ። ሰባት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ስልኬ ጮኸ፤ ከ127 ነው፣ ቀሪ ሒሳቤም ጨምሯል። ዘይቱን አንሥቼ በእጁ ሰጠሁት። «በሚቀጥለው ስመጣ ቀድሜ ልኬ ነው የምመጣው ጋሼ» አለኝና ካርቶኑን ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ።